በስፖር አሠራር ወቅት ሁለቱ ሕዋሳት በሜምብሬን በኩል የሚለዋወጡት መልእክት ነው ወይስ ስንቅ?

ጣና ዳር (ክር ከፋች)

ውድ የመድረኩ አባላት፣ ጤና ይስጥልኝ። ለድኅረ ምረቃ ሴሚናር ስለ ባሲለስ ሰብቲሊስ ስፖር (ባክቴሪያው ክፉ ቀንን የሚያሳልፍበት ጠንካራ፣ ያንቀላፋ ሕዋስ) አሠራር እየተዘጋጀሁ ስለሆነ አንድ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ።

ይህ ባክቴሪያ ረሃብ ሲጸናበት እንደ ወትሮው ከመሐል ለሁለት እኩል አይከፈልም። ወደ አንደኛው ጫፍ ተጠግቶ መካፈያ ግድግዳ ይሠራል፤ ትንሹ ክፍል ቅድመ ስፖር፣ ትልቁ ደግሞ እናት ሕዋስ ይባላል። ቀጥሎ እናት ሕዋሷ ትንሹን ክፍል ዙሪያውን ከብባ ትውጠዋለች፤ ከዚያ በኋላ ቅድመ ስፖሩ በሁለት ሜምብሬን (ስስ የሕዋስ ሽፋን) ተጠቅልሎ በሆዷ ውስጥ ይቀመጣል። በየደረጃው የሚሠሩት ሲግማ ፋክተሮችም፣ የትኞቹ ጂኖች እንዲነሡ የሚወስኑት ፕሮቲኖች ማለቴ ነው፣ ተራቸውን ጠብቀው ይነሣሉ፦ በቅድመ ስፖሩ ሲግማ ኤፍ፣ በእናት ሕዋሷ ሲግማ ኢ፣ እንደገና በቅድመ ስፖሩ ሲግማ ጂ፣ በመጨረሻም በእናት ሕዋሷ ሲግማ ኬ።

የቸገረኝ ሦስተኛው ደረጃ ነው። ሲግማ ጂ በሙሉ ኃይሉ የሚሠራው መዋጡ ካለቀ በኋላ እንደሆነ ይነገራል፤ ለዚህም በእናት ሕዋሷ የሚሠሩት ስምንቱ የስፖ-ስሪ-ኤ ፕሮቲኖችና በቅድመ ስፖሩ የሚሠራው ስፖ-ቱ-ኪው ያስፈልጋሉ። ታዲያ በእነዚህ በኩል የሚያልፈው ምንድን ነው? «መዋጡ አልቋል፣ ሥራህን ጀምር» የሚል የተለየ ምልክት ነው፣ ወይስ ቅድመ ስፖሩ ለመኖር የሚያስፈልገው ምግብ?

የቤተ ሙከራ ሰው

ጥያቄዎ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሦስተኛውን ደረጃ ለብቻው ነጥለው ካዩት መልሱ ይጠፋብዎታል። ከፊቱና ከኋላው ያሉት ሁለት መልእክቶች በሚገባ የታወቁ ስለሆኑ በቅድሚያ የመጀመሪያውን ልዘርዝር፤ እውነተኛ ምልክት ምን እንደሚመስል ከእሱ ይታያል።

ግድግዳው እንደተሠራ ስፖ-ቱ-ኢ የተባለው ፎስፌት ነቃይ ኢንዛይም፣ በመካፈያው ሜምብሬን ውስጥ የተተከለው ማለቴ ነው፣ ሲግማ ኤፍን ከታሰረበት እንዲፈታ የሚያደርገውን ሂደት በቅድመ ስፖሩ በኩል ያንቀሳቅሳል። ሲግማ ኤፍ ከሚያስነሣቸው ጂኖች አንዱ የስፖ-ቱ-አር ጂን ነው። ስፖ-ቱ-አር ከቅድመ ስፖሩ ወጥቶ በሁለቱ ሜምብሬኖች መካከል ወዳለው ጠባብ ክፍተት ይገባል፤ እዚያም በወዲያኛው ሜምብሬን ውስጥ የተቀበረውን ስፖ-ቱ-ጂኤ የተባለ ፕሮቲን ቆራጭ ያነቃዋል። ሲግማ ኢ እስከዚያች ሰዓት ድረስ በፊቱ 27 አሚኖ አሲድ ያለው ጭራ ስለተቀጠለበት መሥራት አይችልም፤ ስፖ-ቱ-ጂኤ ያንን ጭራ ሲቆርጥለት በእናት ሕዋሷ ሥራውን ይጀምራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጣም ያስደንቀኛል። ግድግዳው ሲዘጋ በቅድመ ስፖሩ ውስጥ የሚገኘው ከክሮሞሶሙ ሲሶ ያህሉ ብቻ ነው፤ የቀረውን ስፖ-ስሪ-ኢ የተባለው በግድግዳው ውስጥ የተተከለ የዲኤንኤ ፓምፕ በደቂቃዎች ውስጥ ጎትቶ ያስገባዋል። የስፖ-ቱ-አር ጂን የሚገኘው ቀድሞ በሚገባው ሲሶ ውስጥ ነው። ተመራማሪዎች ጂኑን ከቦታው ነቅለው ዘግይቶ ወደሚገባው የክሮሞሶም ክፍል ሲያዛውሩት ሲግማ ኢ በጊዜው መነሣት ተስኖታል፣ የስፖሩም ሥራ ተጎድቷል። ጂኑ ራሱ አልተነካም፤ የተለወጠው አድራሻው ብቻ ነው። ስለዚህ የጂኑ ቦታ የመልእክቱ ሰዓት አካል ነው ማለት ይቻላል።

ጣና ዳር

እግዜር ይስጥልኝ። ይህን በምስል ለማሳየት የሚቻል ይመስለኛል። ስፖ-ቱ-አር ጭራሹኑ ከጠፋ ምን ይሆናል?

የቤተ ሙከራ ሰው

ሲግማ ኢ አይነሣም፤ ከሲግማ ኢ ሥራዎች አንዱ ደግሞ በሌላኛው ጫፍ ሁለተኛ ግድግዳ እንዳይሠራ መከልከል ነው። በመሆኑም ሕዋሱ በሁለቱም ጫፎች ግድግዳ ሠርቶ፣ በየጫፉ አንዳንድ ቅድመ ስፖር ይዞ፣ መሐሉ እናት የሌለው ባዶ ክፍል ሆኖ ይቀራል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ በጣም ግልጽ ነው። መልእክቱ ሳይደርስ ሲቀር የሚመጣው መዘግየት ብቻ ሳይሆን ማን እናት ማን ልጅ እንደሆነ መለየት የማይቻልበት ሁኔታ መሆኑን ለተማሪ ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ምስል አላውቅም።

ረቂቅ ዓለም

በማይክሮስኮፕ ምስል ላይ ስለምሠራ ስለ መዋጡ ጥቂት ልጨምር፤ «መዋጡ አለቀ» የምንለውን በምን እንደምናውቀው ካልተገለጸ ክርክሩ አየር ላይ ይንሳፈፋል።

ሁለት ቀለሞችን እንጠቀማለን። አንደኛው ኤፍኤም 4-64 ይባላል፤ በሜምብሬን ላይ ሲያርፍ ቀይ ያበራል፣ ሜምብሬን ጥሶ ወደ ውስጥ ግን አያልፍም። ሁለተኛው ማይቶትራከር ግሪን ሲሆን ሜምብሬንን አቋርጦ ውስጥ ያሉትንም ይቀባል። መዋጡ ባላለቀበት ሕዋስ ቅድመ ስፖሩን የከበበው ሜምብሬን ከውጭ ጋር ስለሚገናኝ ሁለቱም ቀለሞች ያገኙታል። መዋጡ ካለቀ በኋላ ግን የከበበው ሜምብሬን ጫፍና ጫፉ ተገጣጥሞ ከዋናው ስለሚለያይ ቅድመ ስፖሩ በአረንጓዴው ብቻ ይታያል፣ ቀዩ አይደርስበትም። ከአንድ ናሙና ላይ ጎን ለጎን የተሰለፉ ሕዋሳትን ስንመለከት የትኛው ደረጃ ላይ እንዳሉ በዚህ አንድ በአንድ እንለያለን።

አሁን ወደ ፕሮቲኖቹ ልምጣ። ሜምብሬኑን ወደፊት የሚያንቀሳቅሱት በዋናነት ስፖ-ቱ-ዲ፣ ስፖ-ቱ-ኤም እና ስፖ-ቱ-ፒ ናቸው፤ በመካከል ያለውን ፔፕቲዶግላይካን (የሕዋሱ ግድግዳ የተሠራበትን መረብ) እየቆረጡ መንገድ ይከፍታሉ። ከእነርሱ ሌላ የእርስዎ ጥያቄ ውስጥ ያሉት ሁለቱ አሉ፦ ከቅድመ ስፖሩ በኩል ስፖ-ቱ-ኪው፣ ከእናት ሕዋሷ በኩል ስፖ-ስሪ-ኤኤች። ሁለቱ በየበኩላቸው ወደ ክፍተቱ የሚዘረጉ ክፍሎች አሏቸውና መሐል ላይ ይያያዛሉ። ይህ መያያዝ ምን ያህል ኃይል እንዳለው የታየው የሕዋሱ ግድግዳ በላይሶዛይም (ግድግዳ በሚያፈርስ ኢንዛይም) ከተገፈፈ በኋላ ነው። ግድግዳው ከሄደ ሜምብሬኑን የሚገፋ ነገር አይኖርም ብሎ ማሰብ ይቻላል፤ ነገር ግን ሁለቱ ፕሮቲኖች ባሉበት የእናት ሕዋሷ ሜምብሬን በቅድመ ስፖሩ ዙሪያ መሄዱን ቀጥሏል። ከሁለቱ አንዱ ሲጠፋ ግን ይህ ዓይነቱ ጉዞ ይቀራል። በ2012 ደግሞ የሁለቱ ጥምረት በክሪስታል ሲታይ በእርግጥ ፊት ለፊት ተገናኝተው እንደሚጣበቁ ተረጋግጧል።

ስለዚህ ስፖ-ቱ-ኪውን ያጠፋ ሰው አንድ ሥራ ብቻ እንዳጠፋ አድርጎ መተርጎም የለበትም። መዋጡም፣ መያያዣውም፣ መተላለፊያውም አብረው ይነካሉ። በዚህ ጉዳይ የሚጻፉ ብዙ ክርክሮች የሚወሳሰቡት ይህ ስለሚዘነጋ ይመስለኛል።

ደጀን

ወደ ዋናው ጥያቄ ልግባ። እኔ የምደግፈው የስንቁን ወገን ነው፤ ምክንያቴንም አቀርባለሁ።

በመጀመሪያ መተላለፊያ ስለመኖሩ። የስፖ-ስሪ-ኤ ፕሮቲኖች ባክቴሪያዎች ፕሮቲን ወደ ውጭ ለማስወጣት ከሚጠቀሙባቸው ውስብስብ መሣሪያዎች ክፍሎች ጋር ይመሳሰላሉ። ስፖ-ስሪ-ኤኤ የእነዚያን ኃይል ሰጪ ኤቲፒ በላ ኢንዛይም ይመስላል፤ ስፖ-ስሪ-ኤኤችና ስፖ-ስሪ-ኤጂ ደግሞ ቀለበት የሚሠሩትን ክፍሎቻቸውን ይመስላሉ። ስፖ-ስሪ-ኤጂ በክራዮ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ 30 ቅጂዎቹ ተያይዘው ትልቅ ቀለበት ሠርተው ተገኝተዋል። መሐሉ ክፍት የሆነ ቀለበት በሁለት ሕዋሳት መካከል ባለ ክፍተት ውስጥ ሲቀመጥ መተላለፊያ ነው ብሎ መገመት ተገቢ ነው። ይህ ሐሳብ በ2008 ሲቀርብ በባክቴሪያ ዘንድ ከተለመደው ውጭ ነበር።

ሁለተኛውና ለእኔ ወሳኙ ማስረጃ በ2009 የወጣው ነው። ምልክት ነው የሚለው ወገን ትክክል ቢሆን ኖሮ መተላለፊያው ሲጠፋ የሚጎዳው ሲግማ ጂ ብቻ መሆን ነበረበት። ተመራማሪዎቹ ይህን የፈተኑት ቲ7 ከተባለው ቫይረስ የተወሰደ አርኤንኤ ፖሊመሬዝ (ጂንን አንብቦ አርኤንኤ የሚሠራ ኢንዛይም) በቅድመ ስፖሩ ውስጥ በማስቀመጥ ነው። ይህ ኢንዛይም ከባክቴሪያው ሲግማ ፋክተሮች ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፣ የራሱን ምልክት ብቻ ያነባል፣ ማንም አይቆጣጠረውም። ሆኖም መተላለፊያው በሌለባቸው ሕዋሳት መዋጡ ካለቀ በኋላ እሱም ሥራውን ማከናወን አልቻለም። በዚህ ላይ የእነዚህ ሕዋሳት ቅድመ ስፖሮች ይኮማተራሉ፣ ቅርጻቸውም ይበላሻል። የጎደለው የአንድ ጂን ማዘዣ ሳይሆን ለማንኛውም የማምረት ሥራ የሚያስፈልገው ጥሬ ዕቃ ነው ማለት ነው። ለዚህ ነው ተመራማሪዎቹ ነገሩን የመመገቢያ ቱቦ ያሉት።

ነገሩን ከቅድመ ስፖሩ ቦታ ሆኖ ማሰብም ይረዳል። መዋጡ ካለቀ በኋላ ቅድመ ስፖሩ ከውጭው ዓለም ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ በሁለት ሜምብሬን ተዘግቶ ስኳርም አሚኖ አሲድም ከየትም ሊያገኝ አይችልም። በ2021 የታተመ ሥራ እንዳሳየው ኃይል ለማመንጨትና መሠረታዊ ንጥረ ነገሮችን ለመገንባት የሚያገለግለው ሥራ አብዛኛው በእናት ሕዋሷ በኩል ይቀራል፤ ቅድመ ስፖሩ ፕሮቲን የሚሠራበትን አሚኖ አሲድ ከእሷ ይጠብቃል።

የቤተ ሙከራ ሰው

ደጀን ያቀረቡት የቲ7 ሙከራ ጠንካራ መሆኑን እቀበላለሁ። ሆኖም ስንቅ ነው ብሎ መዝጋት ሲግማ ጂ ለምን በዚያች ሰዓት እንደሚነሣ ሙሉ በሙሉ አያስረዳም።

ሲግማ ጂ የራሱ ጠባቂዎች አሉት። ከእነርሱ አንዱ ሲኤስኤፍ-ቢ የተባለ ትንሽ ፕሮቲን ነው፤ በሲግማ ኤፍ ታዝዞ በቅድመ ስፖሩ ይሠራና ሲግማ ጂን ይዞ ያቆየዋል። እንዲህ ያለ ልዩ እግድ እያለ የስንቁ መምጣት ብቻውን የሰዓቱን ትክክለኛነት ያስገኛል ማለት ይከብደኛል። እኔ የምለው ሁለቱን አስታራቂ ነው፦ መተላለፊያው ቅድመ ስፖሩን በሕይወት ያቆየዋል፣ ይህ ለሲግማ ጂ የግድ ነው፤ የሰዓቱ ጉዳይ ግን በእነዚህ ጠባቂዎችና በመተላለፊያው አብሮ የሚወሰን ነው።

ሌላ ማስጠንቀቂያም አለኝ። ከባሲለስ ሰብቲሊስ ያገኘነውን ለስፖር ሠሪዎች ሁሉ ሕግ አድርገን መውሰድ የለብንም። በሆስፒታል ከአንቲባዮቲክ ሕክምና በኋላ ከባድ ተቅማጥ የሚያመጣው ክሎስትሪዲዮይዲስ ዲፊሲል እነዚሁ አራት ሲግማ ፋክተሮች አሉት፤ ነገር ግን ሲግማ ጂ መዋጡ እስኪያልቅ አይጠብቅም፣ ሲግማ ኬ ደግሞ የሚቆረጥ ጭራ ሳይኖረው ነው የሚሠራው። ስፖ-ቱ-ኪውም በእሱ ዘንድ ዚንክ ይዞ ፔፕቲዶግላይካን የሚቆርጥ ንቁ ኢንዛይም ነው፤ የባሲለስ ሰብቲሊሱ ግን ይህን ችሎታ አጥቶ መያያዣ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ፕሮቲኖቹ የጋራ ሆነው የመጠባበቁ ጥብቅነት ይለያያል። ለሴሚናሩ ቢያንስ አንድ ስላይድ ለዚህ ቢሰጡ መልካም ነው።

ሐኪመ እንስሳት

ውይይቱን በጽሞና ስከታተል ነበር። በመስክ የምሠራ የእንስሳት ሐኪም ነኝና ጥያቄዬ ከአባ ሰንጋ የመነጨ ነው። ገበሬውን የሞተ ከብት እንዳይከፍት የምንመክረው ባሲለስ አንትራሲስ አየር ሲያገኝ ስፖር ስለሚሠራ ነው፤ ስፖሩም በአፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ከላይ የተባለው ሁሉ ለእሱም ይሠራል ወይ?

ደጀን

ዶክተር፣ በመሠረቱ አዎ። ባሲለስ አንትራሲስ ለባሲለስ ሰብቲሊስ የቅርብ ዘመድ ስለሆነ ሲግማ ፋክተሮቹም፣ የመተላለፊያው ፕሮቲኖችም አሉት። እርስዎ ባነሡት ነጥብ ላይ የታሪኩ መነሻም አለ፤ ሮበርት ኮህ በ1876 የአባ ሰንጋን ባክቴሪያ ከበሬ ዓይን በተወሰደ ፈሳሽ ጠብታ ውስጥ አሳድጎ ክር የሚመስሉት ሕዋሳት ስፖር ሲሠሩ፣ ስፖሮቹም ተመልሰው ሲበቅሉ በዓይኑ ተከታትሏል። በዚያው ዓመት ፈርዲናንድ ኮን የባሲለስ ሰብቲሊስ ስፖር ፈልቶ እንኳ እንደማይሞት ጽፏል።

በሬሳው ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ሬሳው ሳይከፈት ከቆየ በብስባሹ ውስጥ አብዛኛው ስፖር ሳይሠራ ይሞታል። ሲከፈት ግን ደሙ አየር ያገኛል፣ ከዚህ በላይ የተወያየንበት ሥራ ሁሉ ይጀመራል። ስለዚህ ምክርዎ የሚያርፈው በትክክል በዚህ ሂደት መነሻ ላይ ነው።

ጣና ዳር

የሲግማ ኬን ነገር ማንም አላነሣልኝም። የመጨረሻውን መልእክት ቢያብራሩልኝ እወዳለሁ።

የቤተ ሙከራ ሰው

ይህ ከሁሉም በላይ የምወደው ክፍል ስለሆነ በዝርዝር ልጻፍ።

ሲግማ ኬም እንደ ሲግማ ኢ ጭራ ተቀጥሎበት ነው የሚወለደው፤ የእሱ 20 አሚኖ አሲድ ነው። ቆራጩ ስፖ-ፎር-ኤፍቢ ይባላል። ይህ ኢንዛይም የሚገርመው በሜምብሬን ውስጥ ተቀብሮ፣ በዚያው በቅባታማው ሽፋን ውስጥ የሚቆርጥ መሆኑ ነው። ቅድመ ስፖሩን በከበበው ውጨኛ ሜምብሬን ውስጥ ከሁለት ጠባቂዎች ጋር ታስሮ ይቀመጣል፦ ከስፖ-ፎር-ኤፍኤ እና ከቦፍ-ኤ ጋር። እነዚህ ሁለቱ እስካሉ ድረስ አይቆርጥም።

ሲግማ ጂ በቅድመ ስፖሩ ውስጥ ሲነሣ ስፖ-ፎር-ቢ የተባለ ፕሮቲን ቆራጭ ያሠራል። ስፖ-ፎር-ቢ የውስጠኛውን ሜምብሬን አቋርጦ ወደ ክፍተቱ ይወጣል፤ እዚያ የስፖ-ፎር-ኤፍኤ እጅ ወደ ክፍተቱ ተዘርግቶ ያገኘዋል፣ ይቆርጠዋል። ጠባቂው ሲቆረጥ እስረኛው ይፈታል፤ ስፖ-ፎር-ኤፍቢ በእናት ሕዋሷ በኩል ያለውን የሲግማ ኬ ጭራ ይቆርጣል፤ ሲግማ ኬም የስፖሩን የፕሮቲን ልባስ የሚሠሩ ጂኖችን ያስነሣል። ስለዚህ እናት ሕዋሷ ልጁን የምታለብሰው ልጁ ራሱ ሲግማ ጂ እንደደረሰለት ካሳወቀ በኋላ ነው። ቦፍ-ኤ በጠፋበት ሕዋስ ይህ መጠባበቅ ስለሚፈርስ ሲግማ ኬ ቀድሞ ይነሣል፣ የሚሠራው ስፖርም ጉድለት ያለበት ይሆናል።

ስፖ-ፎር-ኤፍቢ የአንድ ትልቅ ቤተሰብ አባል መሆኑ የተገለጸው በ1999 ነው። በሰው ሕዋሳት ውስጥ የኮሌስትሮል መጠን ሲወርድ የጂን መሪ ፕሮቲንን ከሜምብሬን ቆርጦ ወደ ኒውክሊየስ የሚለቀው ሳይት-2 ፕሮቲዬዝ የዚያው ቤተሰብ ነው። ጥቂት ማይክሮሜትር ርዝማኔ ያለው የአፈር ባክቴሪያና የሰው ጉበት በሜምብሬን ውስጥ የመቁረጥን ዘዴ ይጋራሉ። ይህን ለተማሪዎች ሳልናገር አልፌ አላውቅም።

እንግዲህ ሦስቱን ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ ልዩነቱ ይታያል። አንደኛውና ሦስተኛው መልእክት ከልጁ ወደ እናት የሚሄዱ ሲሆኑ ሁለቱም በክፍተቱ ውስጥ ተለቅቀው አንድ የታወቀ ኢንዛይም የሚያነቁ ፕሮቲኖች ናቸው። መካከለኛው ከእናት ወደ ልጅ የሚሄድ ነው፤ በዓይነቱም ይለያል። በሦስቱም ላይ «ምልክት» የሚለውን አንድ ቃል መለጠፍ ይህን ልዩነት ይሸፍነዋል፤ እዚህ ላይ ከደጀን ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።

ትጉህ አንባቢ

አንድ ነገር ልጠይቅ። እናት ሕዋሷ ልባሱን በቅድመ ስፖሩ ዙሪያ እንጂ በራሷ ሜምብሬን ላይ እንዳታለብስ የሚያደርጋት ምንድን ነው? ሁለቱም ሜምብሬኖች የእሷ አይደሉምን?

ረቂቅ ዓለም

ልክ ነው፣ ሁለቱም የእሷ ናቸው፤ የሚለያዩት በጉብታቸው ነው። የእናት ሕዋሷ ውጨኛ ሜምብሬን ከውስጥ ሆነው ሲያዩት የጎደጎደ ነው፤ ቅድመ ስፖሩን የከበበው ግን ከዚያው ቦታ ሲታይ ያበጠ ነው፤ በሕዋሱ ውስጥ እንዲህ ያለ ያበጠ ገጽ ሌላ የለም። ስፖ-ፋይቭ-ኤም የተባለ 26 አሚኖ አሲድ ብቻ ያለው ትንሽ ፕሮቲን ይህን እብጠት ለይቶ ያርፍበታል፤ ይህም በ2009 ታይቷል። ከዚያም ስፖ-ፎር-ኤን ይጠራል፣ ስፖ-ፎር-ኤ ደግሞ ለልባሱ መሠረት ይጥላል።

ከስንቁ ክርክር ጋር የሚያያዝ አንድ ነገርም ልጨምር። ለስፖሩ ሙቀት መቋቋም ከሚያስፈልጉት ነገሮች ዋነኛው ዳይፒኮሊኒክ አሲድ ነው፤ ከካልሲየም ጋር ተጣምሮ በስፖሩ እምብርት ይከማቻል፣ ውሃውንም ያስለቅቃል። ይህ አሲድ የሚመረተው በእናት ሕዋሷ ነው። የውጨኛውን ሜምብሬን በስፖ-ፋይቭ-ቪ፣ የውስጠኛውን በስፖ-ፋይቭ-ኤ ፕሮቲኖች በኩል ያልፋል። መዋጡ ካለቀ በኋላ ከእናት ወደ ልጅ ዕቃ ማሳለፍ እንግዳ ነገር እንዳልሆነ ይህ በራሱ ያሳያል፤ ለዳይፒኮሊኒክ አሲድ ሌላ በር መዘጋጀቱ ደግሞ የስፖ-ስሪ-ኤ መተላለፊያ ሁሉን የሚያሳልፍ ክፍት ቀዳዳ እንዳልሆነ እንድጠረጥር ያደርገኛል።

ጣና ዳር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አቀራረቤን እንዲህ ለማድረግ ወስኛለሁ፦ ስፖ-ቱ-አርንና ስፖ-ፎር-ቢን «መልእክት» በሚል ርዕስ፣ የስፖ-ስሪ-ኤንና የስፖ-ቱ-ኪውን መተላለፊያ ደግሞ «ስንቅ» በሚል ርዕስ ለይቼ አቀርባለሁ፤ የቲ7 ሙከራን በሰፊው፣ የሲኤስኤፍ-ቢን እግድ ቀጥሎ፣ የዲፊሲልን ልዩነት በመጨረሻ አደርጋለሁ። ምስል ስፈልግ ግን የመተላለፊያው ፕሮቲኖች የጠፉባቸውን ሕዋሳት የትኛውን ሰዓት ላሳይ?

ረቂቅ ዓለም

ሁለት ሰዓቶችን ጎን ለጎን ያሳዩ። አንደኛው መዋጡ እንዳለቀ፣ ቅድመ ስፖሩ ገና በጤናማ መጠኑ ሳለ፤ ሁለተኛው ትንሽ ቆይቶ፣ መኮማተር ሲጀምር። በሁለቱም ላይ ኤፍኤም 4-64 እና ማይቶትራከር ግሪን ይኑሩ፤ መዋጡ ማለቁን ተመልካቹ ራሱ ካላረጋገጠ መኮማተሩን ካልተጠናቀቀ መዋጥ ጋር ሊያምታታው ይችላል። ጤናማውን ዝርያ በተመሳሳይ ሰዓትና በተመሳሳይ ማጉያ ከሥሩ ያስቀምጡ፤ የቅድመ ስፖሩን መጠን ከሕዋስ ሕዋስ እየለኩ ልዩነቱን በግራፍ ካከሉበት ደጀንና የቤተ ሙከራ ሰው የተከራከሩበትን ነጥብ ተማሪዎቹ ራሳቸው ያነሡታል።